የሰውነት ግዝፈትና የተባይ ማጥፊያ ክምችት በውኃ እንስሳት፦ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

መድኃኒት የሚያዝ የጤና ባለሙያ የሕሙሙን ክብደት አስቀድሞ ይጠይቃል። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን ለአዋቂ ከሚሰጠው የሚለየው ሕፃኑ ትንሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ አካሉ መድኃኒቱን የሚቀበልበትና የሚያስወግድበት ፍጥነት ከአዋቂው የተለየ ስለሆነም ነው። ይህ በሕክምና ቤት የታወቀ እውነት በሐይቅና በወንዝ ውስጥም እንደሚሠራ በሚገባ ለመረዳት ግን ሳይንስ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከአንድ ሐይቅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መረብ የወጡ ሁለት ዓሦች፣ አንዱ ትንሽ አንዱ ትልቅ፣ በሰውነታቸው የያዙት የተባይ ማጥፊያ መጠን ለምን ይለያያል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተፈለገበት ታሪክ የጤና ባለሙያን በቅርብ ይመለከታል። ጥያቄውን ያስነሳው ኬሚካል፣ ዲዲቲ፣ በመጀመሪያ የታወቀው በጤና ጥበቃ መሣሪያነቱ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ኬሚካል ሦስት ጠባያት

ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው የታወቀው በ1939 ሲሆን፣ ይህን ያገኘው በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ፖል ሙለር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ፣ በ1943 እና በ1944 መካከል በነበረው ክረምት፣ በኢጣሊያ የኔፕልስ ከተማ የተነሣውን የተስቦ ወረርሽኝ ለመግታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ቅማል ማጥፊያ ዱቄት ተነስንሶላቸዋል፤ በዘመቻው ዲዲቲ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ሙለር በ1948 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሐኪም ያልሆነ ሰው ይህን ሽልማት ማግኘቱ ኬሚካሉ በዚያን ዘመን የነበረውን ክብር ያሳያል።

ዲዲቲን ተፈላጊ ያደረጉት ጠባያት ሦስት ናቸው። ለነፍሳት እጅግ መርዛማ ነው፤ በቀላሉ አይፈርስም፤ በውኃም አይሟሟም ለማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ በግድግዳ ላይ ከተረጨ ለወራት ሳይጠፋ ትንኝ የሚገድለው በእነዚህ ጠባያት ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ውኃን የሚሸሸው ይኸው ኬሚካል በስብ ውስጥ እንደ ልብ ይሟሟል። በግድግዳ ላይ መልካም የነበረው ጽናት ኬሚካሉ ወደ ሐይቅ ሲገባ ሌላ መልክ ያዘ።

ክሊር ሌክ፦ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ

በካሊፎርኒያ የሚገኘው ክሊር ሌክ የተባለ ሐይቅ ሰው የማትነክስ፣ ነገር ግን በመንጋ እየወጣች ዓሣ አጥማጁንና ጎብኚውን የምታሰለች ትንኝ መሰል ነፍሳት መራቢያ ነበር። እርሷን ለማጥፋት በ1949 ዲዲዲ የተባለው የዲዲቲ የቅርብ ዘመድ በሐይቁ ላይ ተጨመረ። ለዓሦች አደጋው ያነሰ ነው ተብሎ የተመረጠ ኬሚካል ነበር። መጠኑም በጥንቃቄ ተሰልቶ ከ70 ሚሊዮን እጅ ውኃ አንድ እጅ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ነፍሳቷ ተመልሳ በመራባቷ በ1954 እና በ1957 መጠኑ ከፍ ብሎ ከ50 ሚሊዮን አንድ እጅ ሆነ፤ ይህም ከሚሊዮን 0.02 እጅ ማለት ነው።

በ1954 ታኅሣሥ ላይ በሐይቁ ዳርቻ ግሪብ የተባሉ ዓሣ በል ወፎች በብዛት ሞተው ተገኙ። የተላላፊ በሽታ ምልክት ቢፈለግ አልተገኘም። ከ1957ቱ ርጭት በኋላ የሞቱ ወፎች ስብ ሲመረመር ከሚሊዮን 1,600 እጅ ዲዲዲ ተገኘበት፤ ይህም በውኃው ላይ ከተጨመረው መጠን 80,000 እጥፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው መንገዱን ፈተሹ። በውኃ ላይ በሚንሳፈፉት እጅግ ደቃቅ ሕያዋን፣ ማለትም በፕላንክተን፣ ከሚሊዮን 5 እጅ ገደማ ተገኘ። ዕፀዋት በል በሆኑት ዓሦች ከ40 እስከ 300፣ የአምባዛ ዘመድ በሆነ አንድ ሥጋ በል ዓሣ ደግሞ እስከ 2,500 እጅ ደረሰ። ከርጭቱ በፊት ከአንድ ሺህ በላይ የነበሩት የግሪብ ጥንዶች በ1960 ወደ 30 ወርደው ነበር።

ሐንት እና ቢሾፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ውጤት በ1960 አሳተሙ፤ ሬቸል ካርሰንም በ1962 በወጣው "ሳይለንት ስፕሪንግ" በተሰኘው መጽሐፏ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በብዙዎች አእምሮ የተቀረጸው ሥዕል አንድ ነው። ትንሹን ትልቁ ይበላዋል፤ መርዙም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ይከማቻል። ሥዕሉ እውነት አለው። ሆኖም አንድ ነገር ሳይታይ አልፏል። ፕላንክተኑ ሲለካ ሙሉ ሰውነቱ ሲሆን፣ ከወፎቹና ከዓሦቹ የተለካው ግን ስባቸው ነበር። ሙሉ ሰውነትን ከስብ ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ከእውነተኛ መጠኑ አግዝፎ ያሳያል። ይህ የአለካክ ጉዳይ በቀጣዮቹ ዓመታት ለተነሣው ክርክር መነሻ ሆነ።

ምግብ፣ ስብ ወይስ ግዝፈት?

በ1967 ዉድዌልና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ በሚገኝ ረግረጋማ የወንዝ አፍ ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። አካባቢው ለትንኝ ማጥፊያ ዲዲቲ ለዓመታት ሲረጭበት የኖረ ነው። በፕላንክተን ከሚሊዮን 0.04 እጅ፣ በትንንሽ ዓሦች ከዚህ በርከት ያለ፣ ትንንሾቹን በሚያድን ረጅም አፍ ያለው ዓሣ 2 እጅ ያህል፣ በአንድ የባሕር ወፍ ደግሞ 75 እጅ ተገኘ። የምግብ ሰንሰለቱ አስተሳሰብ በዚህ ጥናት ይበልጥ ጠነከረ።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ ነገሩ ከወፍ ወደ ሰው ማዕድ ተሻገረ። በ1969 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከሚሺገን ሐይቅ የተጠመደ 28,000 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ወደ 13 ቶን የሚጠጋ፣ ኮሆ ሳልሞን የተባለ ዓሣ ከፍተኛ ዲዲቲ ስለተገኘበት ከገበያ ያዘ። ሳልሞኑ በሐይቁ ከታላላቆቹ አዳኞች አንዱ ነው። የሚሺገን ግዛት በዚያው ዓመት ዲዲቲን ከለከለ፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም በ1972 አብዛኛውን አጠቃቀም አቆመ። በቀጣዮቹ ዓመታት በሐይቁ ዓሦች ውስጥ የነበረው መጠን በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ።

በ1970 ሬይነርት የተባለ ተመራማሪ ከታላላቆቹ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የተሰበሰቡ ዓሦችን መርምሮ ያቀረበው ዘገባ በዚህ ታሪክ ልዩ ቦታ ይገባዋል። ከአንድ ሐይቅ የተገኙ፣ ዝርያቸውም አንድ የሆነ ዓሦች በመጠን ሲለያዩ ትልልቆቹ የበለጠ ዲዲቲና ዲየልድሪን ይዘው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ግን ሬይነርት ስሌቱን ለወጠ። ኬሚካሉን ከሙሉ ክብደት ጋር ማነጻጸሩን ትቶ ከዓሣው ዘይት ጋር ሲያነጻጽር በትልቅና በትንሽ፣ በአንዱ ዝርያና በሌላው መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንዱ ዓሣ ከሥጋው መቶ እጅ አንዱ፣ ሌላው ደግሞ መቶ እጅ አምስቱ ስብ ቢሆንና በሁለቱም ስብ ውስጥ ያለው ዲዲቲ እኩል ከሚሊዮን 10 እጅ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ሥጋ 0.1፣ የሁለተኛው 0.5 እጅ ይይዛል። ስባቸው እኩል የተበከለ ሲሆን፣ የሚበላቸው ሰው ግን ከሁለተኛው አምስት እጥፍ ይወስዳል። በብዙ ዝርያዎች ዓሣ ሲያድግ የስቡ ድርሻም ስለሚያድግ፣ የግዝፈት ተጽዕኖ የሚመስለው በከፊል የስብ ተጽዕኖ ነው።

በ1971 ሐምሊንክና ባልደረቦቹ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ክምችቱን የሚወስነው መብልና ተበይነት ሳይሆን፣ ኬሚካሉ በውኃና በእንስሳው ስብ መካከል የሚያደርገው ክፍፍል ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አባባል እንስሳው በስንጥቡ በኩል ከውኃው ጋር ዘወትር ይለዋወጣል፤ ስቡም ከውኃው ጋር ሚዛን እስኪደርስ ይወስዳል። አሁን ሁለት ተፎካካሪ ማብራሪያዎች ቆሙ። አንደኛው አፍን፣ ሁለተኛው ስንጥብን ዋና በር ያደርጋል።

የፊዚዮሎጂ ድርሻ

ክርክሩን ለመፍታት የረዳው ከሥነ ምኅዳር ውጭ የተገኘ የቆየ ዕውቀት ነበር። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ማክስ ሩብነር በ1883 ውሾችን መርምሮ፣ ትንሽ ውሻ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከትልቅ ውሻ የበለጠ ኃይል እንደሚያቃጥል አሳይቶ ነበር። በ1932 ማክስ ክላይበር ይህን በቁጥር አሰፈረው፤ የእንስሳት የኃይል ፍጆታ ከክብደታቸው ሦስት አራተኛ ኃይል ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳየ። ክብደት በ10,000 እጥፍ ሲጨምር የኃይል ፍጆታ በ1,000 እጥፍ ብቻ ይጨምራል ማለት ነው። እያንዳንዱ ግራም የትልቁ አካል ከትንሹ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ይሠራል።

ዓሣ ኦክስጅን የሚያገኘው ውኃን በስንጥቡ በማሳለፍ ነው። በዚያው ውኃ የተበተነው ኬሚካልም በዚያው በር ይገባል። ትንሽ ዓሣ በግራም ሲሰላ ብዙ ውኃ ስለሚያሳልፍ፣ የስንጥቡም ስፋት ከክብደቱ አንጻር ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ኬሚካሉን በፍጥነት ይቀበላል። በ1971 መርፊ የተባለ ተመራማሪ ዲዲቲ ባለበት ውኃ ውስጥ ትንኝ በል ዓሦችን ለአጭር ጊዜ አቆይቶ ያገኘው ይህንኑ ነው። ትንንሾቹ በግራም ክብደታቸው ከትልልቆቹ የበለጠ ወስደዋል። ውጤቱ ከሐይቅ ከተገኘው ጋር ሲታይ የሚጋጭ ይመስላል። በሙከራው ትንሹ፣ በሐይቁ ግን ትልቁ የበለጠ ይዟልና።

የሚያስታርቃቸው ጊዜ ነው። ትንሹ ዓሣ በፍጥነት እንደሚቀበል ሁሉ በፍጥነትም ያስወግዳል። ትልቁ ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎም ይለቃል። የማስወገድ ፍጥነት ከሰውነት ክብደት ጋር የሚቀንስበት ሥርዓት ከክላይበር ሕግ ጋር ይቀራረባል። አንድ ግራም የሚመዝን ዓሣ የያዘውን ኬሚካል እኩሌታ በ10 ቀን ቢያስወግድ፣ በዚሁ ሥርዓት 10 ኪሎ የሚመዝነው ዓሣ 100 ቀን ያህል ይፈልጋል። ለ48 ሰዓት የሚደረግ ሙከራ የሚለካው የመቀበልን ፍጥነት ነው፤ ለዓመታት በሐይቅ የኖረ ዓሣ የሚያሳየው ግን የመያዝን ጽናት ነው። ለጤና ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ መድኃኒት በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርስበት ጊዜና በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያውቃልና።

በአፍና በስንጥብ መካከል የነበረው ክርክርም በዚሁ መንገድ ወደ መፍትሔ ቀረበ። ቶማን በ1989፣ ጎባስ ደግሞ በ1993 ያሳተሟቸው የስሌት ሞዴሎች ሁለቱን በሮች በአንድ ላይ አስገቡ። በውኃ ውስጥ መጠነኛ መሟሟት ያለው ኬሚካል በስንጥብ በኩል ገብቶ በስንጥብ በኩል ስለሚወጣ፣ እንስሳው ምን እንደበላ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ዲዲቲን የመሰለ እጅግ ስብ ወዳድ ኬሚካል ግን በስንጥብ በኩል ለመውጣት ስለሚዘገይ ከምግብ ጋር የሚገባው ይደራረባል። በዚህ ላይ ምግቡ በአንጀት ውስጥ ሲፈጭና ሲመጠጥ ኬሚካሉ በቀረው ውስጥ ስለሚጠናከር ወደ ሰውነት ይገፋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘው ነበር፤ የትኛው እንደሚበረታ የሚወስነው የኬሚካሉ ጠባይና የእንስሳው መጠን ነው።

ደንቡን የሚያፈርሱ ሁኔታዎች

ትልቅ ዓሣ የበለጠ ይይዛል የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። በፍጥነት የሚያድግ ዓሣ የያዘው ኬሚካል በሚጨምረው ሥጋ ውስጥ ስለሚበተን በግራም ሲሰላ ይቀንሳል። ሴቷ ዓሣ ደግሞ እንቁላል ስትጥል ከስቧ ጋር ኬሚካሉንም ታወጣለች። በዚህ ምክንያት እኩል ክብደት ያላቸው ወንድና ሴት የተለያየ መጠን ሊይዙ ይችላሉ።

እናቲቱን ያቀለላት ሸክም ግን ለልጅ ይተላለፋል። በኒው ዮርክ ግዛት በሌክ ጆርጅ ይራቡ የነበሩ የትራውት ዓሣ ጫጩቶች በብዛት ይሞቱ ነበር። በርዲክና ባልደረቦቹ በ1964 እንዳመለከቱት እንቁላሎቹ በሚገባ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹ የሚሞቱት በአስኳሉ ውስጥ የነበረውን ስብ ጨርሰው ለመመገብ በሚደርሱበት ጊዜ ነበር። በስቡ ውስጥ ታስሮ የቆየው ዲዲቲ ስቡ ሲቃጠል በትንሹ አካል ውስጥ ተለቀቀ። ትልቋ እናት ያለ ምንም ምልክት የተሸከመችውን ትንሹ ልጅ ሊሸከመው አልቻለም።

ከዲዲቲ በኋላ የመጡት የተባይ ማጥፊያዎችም ሌላ ሥርዓት አላቸው። ኦርጋኖፎስፌቶች በሰውነት ውስጥ በአንጻራዊነት ቶሎ ስለሚፈርሱ እንደ ዲዲቲ ለዓመታት አይከማቹም። ፓይረትሮይዶችም በአብዛኛው አይከማቹም፤ ለዓሦች ግን በጣም ጥቂቱ እንኳ ገዳይ ነው። በእነዚህ ኬሚካሎች ረገድ የመቀበል ፍጥነት ትልቅ ትርጉም ስላለው፣ ትንንሾቹ እንስሳትና ጫጩቶች ቀድመው ሊጎዱ ይችላሉ። በዓሣ ሥጋ ውስጥ ኬሚካል አለመገኘቱ ብቻውን ሐይቁ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ታሪኩና የኢትዮጵያ ሐይቆች

ይህ ከሩቅ የተጀመረ ታሪክ ኢትዮጵያን የሚነካው በወባ ምክንያት ነው። በ1958 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም ዋና መሣሪያው በቤት ግድግዳ ላይ የሚረጨው ዲዲቲ ነበር። ኬሚካሉ ለአምሳ ዓመታት ያህል ሲያገለግል ቆይቶ፣ የወባ ትንኝ ስለተላመደው በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ አይካድም። በቀላሉ አለመፍረሱም እንዲሁ አይካድም።

ከ2011 ጀምሮ በታተሙ ጥናቶች በቆቃ፣ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ተመርምረው ከዚህ ቤተሰብ ኬሚካሎች መካከል ዲዲቲና ከእርሱ የሚገኙት ተዋጽኦዎች ጎልተው ተገኝተዋል። በ2013 የታተመው የዝዋይ ጥናት እነዚህ ተዋጽኦዎች በምግብ ሰንሰለት ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የሪፍት ሸለቆ ሐይቆች አንድ ጠቃሚ ትምህርትም ይሰጣሉ። ቆሮሶ አድጎም ቢሆን በአብዛኛው የሚመገበው ደቃቅ የውኃ ዕፀዋትን ነው፤ አምባዛ ግን ዓሣን ጨምሮ ያገኘውን ይበላል። ስለዚህ በአንድ ዝርያ ውስጥ ግዝፈት የዕድሜና የክምችት ጠቋሚ ቢሆንም፣ ሁለት ዝርያዎችን በግዝፈት ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ትልቅ ቆሮሶ ከእርሱ ከሚያንስ ዓሣ በል ያነሰ ሊይዝ ይችላል።

በዚያው በ2013 በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የተካሄደ ጥናት ሲታተም፣ ዲዲቲ በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ በላም ወተት ከተገኘው በላቀ መጠን እንዳለ አመልክቷል። በሌክ ጆርጅ በትራውት እንቁላል የታየው የእናትና የልጅ ጉዳይ በሰውም ዘንድ አለ። ሰው ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ከምግብ ሰንሰለት ጫፍ የተቀመጠ ትልቅ እንስሳ ነው፤ ዲዲቲንና ተዋጽኦውን ዲዲኢን ከአካሉ ለማስወገድም ዓመታት ይፈጅበታል።

ማጠቃለያ

ከክሊር ሌክ እስከ ዝዋይ የተጓዘው ይህ ታሪክ የሚያስተምረው፣ ግዝፈት በራሱ መርዝ እንደማያከማች ነው። ግዝፈት የአራት ነገሮች ምልክት ነው፤ የዕድሜ፣ የስብ፣ የምግብና የማስወገድ ዝግታ። አራቱ በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ትልቁ ዓሣ የበለጠ ይይዛል፤ ሲለያዩ ግን ደንቡ ይፈርሳል። ስለዚህ የዓሣ ናሙና የሚሰበስብ ባለሙያ የዓሣውን ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታና የስብ መጠን ካልመዘገበ ያገኘው ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። ውጤቱ በሥጋ ወይም በስብ ክብደት መሰላቱንም በግልጽ ማስፈር አለበት።

ኅብረተሰቡን ለሚመክር የጤና ባለሙያ የሚተርፈው ጭብጥ ደግሞ ሰዎችን ከዓሣ ማራቅ አይደለም። ዓሣ የፕሮቲን እጥረት ባለበት አገር የማይናቅ ምግብ ነው። ትንንሹንና ልዩ ልዩ ዝርያውን ማዘውተር፣ ትልልቆቹን ዓሣ በል ዓሦች አለማብዛት፣ ቆዳውንና በሆድ ዕቃው ዙሪያ ያለውን ስብ ማስወገድ የሚወሰደውን ዲዲቲ ይቀንሳል። ሜርኩሪ ግን በሥጋው ውስጥ ስለሚገኝ ስብ በማንሳት አይቀንስም። የጡት ወተት ጥቅምም ከሚያስከትለው ሥጋት እጅግ ስለሚበልጥ እናቶች ጡት ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ መምከር ይገባል።

በ1949 የክሊር ሌክን ውኃ የለኩት ባለሙያዎች ስሌታቸው አልተሳሳተም ነበር። ያሰሉት በውኃው ውስጥ ያለውን መጠን ብቻ ነበር፤ በውኃው ውስጥ የሚኖሩት እንስሳት በምን ፍጥነት እንደሚቀበሉና ምን ያህል ጊዜ እንደሚይዙ አልጠየቁም። አዲስ ኬሚካል ለጤና ዘመቻ በቀረበ ቁጥር ይህ ጥያቄ ከርጭቱ በፊት መነሣት ይኖርበታል።